ሦስተኛው «ቆዩ»

ሰሞኑን የደረቀ ሎሚ ከሥጋ ጋር ሲንተከተክ የሚሸተው ሽታ ከታችኛው ፎቅ ተነሥቶ በደረጃው ሽቅብ እየወጣ ቤቴ ይገባል፤ አዲስ የገቡ ኢራኖች አሉ። ያ ሽታ ሲደርሰኝ የያዝኩትን አስቀምጬ እቆማለሁ። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቲቱን ደረጃው ላይ አግኝቼ በፋርስኛ እንደምን ዋልሽ ብላት የልጅ ልጆቼ ማርታና ሳሚ አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። ማርታ ስልኳ ላይ የዚያ አገር ወጣቶች መንገድ ወጥተው ሲጮኹ ታያለች መሰለኝ፣ «ኦማ፣ ኤርትሴል ማል!» በጀርመንኛ አያቴ፣ ንገሪን እንጂ ማለቷ ነው፣ ቀሚሴን ይዛ አልለቅ አለችኝ። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፣ ፊደሉን እናቴ ናት ከዳዊቷ ላይ ያስቆጠረችኝ፣ ስለዚህ ወሬዬ ወዲያ ወዲህ ቢልባችሁ ታገሡኝ።

ቴህራን የገባሁት የሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። አንድ የኛ አገር ዲፕሎማት ወደዚያ ሲላክ እናቴ በላይነሽ ወጥ ቤቱ ሆና እኔን አዝላ ተከተለችው፣ አባቴ አዲስ አበባ ቀረ። ኋላ እኛ አገር አብዮት ፈነዳና ሰውዬው ተጠራ፣ እሱም ሻንጣውን አንጠልጥሎ እኛ ወደማናውቀው አገር ተሰወረ፣ እኛ ባዶ ቤት ውስጥ ቀረን። ያን ጊዜ ነው ፓርቪን ኻኑም፣ ኻኑም እንግዲህ እመቤት እንደ ማለት ነው፣ ከአጥሩ ማዶ መጥታ ቤቷ ያስገባችን። እናቴ ታበስልላቸው ነበር፣ እኔ ከልጇ ከሺሪን ጋር አንድ ፍራሽ ላይ እተኛ ነበር። አባቴን ስጠይቅ እናቴ «ክፍለ ሀገር ተልኮ ነው» ትለኝ ነበር። ፊቱን አላስታውሰውም። ለእኔ አገር ማለት ያ ግቢ ነበር፣ መሀሉ ላይ ሰማያዊ የውኃ ገንዳ፣ ጥጉ ላይ የሮማን ዛፍ ያለው።

ታዲያ ያ ሕዝብ ታሮፍ የሚሉት ልማድ አለው። ባለሱቁ ዕቃውን አስረክቦህ «ለእርስዎማ ክፍያ አይገባም» ይላል፣ እውነት መስሎህ ይዘህ ብትወጣ ግን ጉድ ፈላ። እናቴ ይህን የተማረችው አፍራ ነው። የአንዲት ጎረቤት የብርጭቆ ሳህን ዓይኗ ገብቶ «እንዴት ያምራል!» ብትላት ሴትየዋ «የርስዎ ነው» አለቻት፣ እናቴም እልል ብላ፣ መርቃ፣ ሳህኑን ታቅፋ ቤቷ ገባች። በማግስቱ የሴትየዋ ሠራተኛ መጥታ ሳህኑን ዞር ዞር እያለች ስታየው ዋለች። ፓርቪን ኻኑም ሆዷን ይዛ እየሳቀች፣ በላይነሽ ማለት አይሆንላትምና፣ «ቤላ ጁን፣» ቤላ ውዴ ማለቷ ነው፣ አለቻት፣ «አንዴ ሲሉሽ ለአፍ ነው፣ ሁለቴ ሲሉሽ ለክብር ነው፣ ሦስተኛው ነው የልብ። ሦስተኛውን እምቢ ካልሽ ግን ሰው ሰደብሽ።»

«እኛም አገር እንግዳው እየራበው በልቻለሁ ይላል፣» አለች እናቴ፣ «እናንተ ግን ቆጠራችሁት!»

ከዚያ ወዲህ እኔም ቆጣሪ ሆንኩ። ሰው ቤት ሄደን ለውዝ ሲያቀርቡልኝ ሁለቴ እምቢ ብዬ ሦስተኛውን እጠብቅ ነበር፣ ባለቤቲቱ ሁለተኛው ላይ ያቆመች እንደሆነ ምራቄን ውጬ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር።

ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ የሮማኑ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር፣ ሕዝቡ በንጉሡ ላይ ተነሥቶ ከተማው መናወጥ ጀመረ። ሱቁ ዛሬ ይከፈታል ነገ ይዘጋል፣ ትምህርት ቤቱም እንደዚያው። ፀሐይ ስትጠልቅ ሰው ሁሉ ጣሪያው ላይ ወጥቶ የፈጣሪን ስም እየጠራ ይጮህ ነበር፣ አንዱ ሰፈር ሲጀምር ሌላው እየተቀበለው። ሺሪን ከመጽሐፏ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የንጉሡን ሥዕል ቀድዳ ጣለችው፣ አባቷ ደንግጦ በሙጫ መልሶ ለጠፈው፣ ብርዱ ሲገባ ደግሞ ራሱ በቢላ ፋቀው።

ብርዱ ሲገባ ነጭ ጋዝ ጠፋ። ሰዉ ጀሪካኑን በገመድ አያይዞ ከማለዳ ጀምሮ ይሰለፍ ነበር። ያኔ መቼም የሚያስቅ ነገር ሆነ፤ ፓርቪን ኻኑም ዕድሜዋን ሙሉ ጸጉሯን ተሠርታ የምትወጣ ሴት ናት፣ ሰልፉ ላይ ጎረምሶቹ «ምነው እህታችን፣ መሸፈኛ አጣሽ?» እያሉ ይነካኳት ጀመር፤ እናቴን ግን ነጠላዋን ተከናንባ ሲያዩአት «ሐጂ ኻኑም፣ ወደ ፊት ይለፉ» ብለው ተራ ይለቁላት ነበር። ማዕተቧ አንገቷ ላይ ነው! ፓርቪን ኻኑም ቤት ስትገባ «እኔ እዚህ ተወልጄ እንግዳ ሆንኩ፤ አብዮቱ እኔን ሽሮ አንቺን ሾመ» እያለች ትስቅ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ምሽት እናቴ ከውጭ ገባች፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታወርድ ፓርቪን ኻኑም ፊት ቆመች።

«ለሀበሾች አውሮፕላን ላይ ቦታ ተገኝቷል፣ ሐሙስ ነው አሉ። እናንተም ችግር ላይ ናችሁ፣ አፍ አናብዛባችሁ፣ እንሂድላችሁ።»

«ምን ነካሽ? ቆዩ!» አለች ፓርቪን ኻኑም።

«የለም፣ እንሂድ።»

«ቆዩ አልኩሽ፤ ማን ገፋሽ?»

«ይፍቀዱልን እመቤቴ፣ እንሂድ።»

ፓርቪን ኻኑም አፏን ልትከፍት ስትል መብራት ጠፋ፤ ያን ሰሞን ሠራተኞቹ አድማ መትተው መብራቱን ያጠፉት ነበር። ሻማ ፍለጋ ግርግር ሆነ፣ ነገሩ በዚያው ተዳፈነ፣ ሦስተኛው ሳይባል ቀረ።

እናቴ ዕቃችንን በሣጥን መክተት ጀመረች። እኔ እህል አልወርድ አለኝ። አዲስ አበባ የሚሉትን አገር አላውቀው፣ ሺሪንን ትቼ የት እሄዳለሁ? ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ከፓርቪን ኻኑም ኋላ ኋላ እያልኩ፣ ሸማ ስታጥፍ፣ ምስር ስትለቅም አፏን አፏን ሳይ ዋልኩ። አልቻልኩም።

«ኻኑም፣ አንድ ይቀርዎታል» አልኳት።

«የምን አንድ?»

«ቆዩ ያሉት ሁለቴ ነው። ከዚያ መብራት ጠፋ።»

መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ምስሩን ከጉልበቷ አውርዳ በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች፣ እጄን ይዛ እየጎተተች እናቴ ሽንኩርት ወደምትከትፍበት ማዕድ ቤት ገባች።

«ቤላ ጁን፣ ይቺ ልጅሽ ዕዳ ልትጠይቀኝ መጣች። እንግዲህ ይኸው ሦስተኛው፣ ቆዩ! ከሄድሽም ሬሳዬን ተሻግረሽ ሂጂ።»

እናቴ ቢላዋውን እንደያዘች ቀጥ ብላ ቀረች። እኔን አየችኝ፣ ረጅም ጊዜ አየችኝ፣ ከዚያ ቢላዋውን አስቀምጣ የፓርቪን ኻኑምን ትከሻ ሳመች። ዓይኗ እያለቀሰ ነበር፣ እኔ የሽንኩርቱ ነው ብዬ ወደ ግቢው ሮጥኩ፣ ሺሪንን አቅፌ በበረዶው ላይ ዘለልኩ።

የሐሙሱ አውሮፕላን ሄደ። ንጉሡም ሄዱ። አዲሱ ዓመታቸው በጸደይ ሲገባ ሺሪን በጸጉር መሸፈኛዋ ላይ አበባ ሰክታ እንደ ልማዳቸው በእሳት ላይ ዘለለች፣ እናቷ ግን መስኮቱን ዘጋች፣ ከንግዲህ የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን ማን ያውቃል ብላ። በዚያው ጸደይ ከአገር ቤት ደብዳቤ መጣ፣ እናቴ ጥቁር ለበሰች፣ «አባትሽ ታሞ ሞተ» አለችኝ። ፊቱን ለማላውቀው ሰው ማልቀስ አቅቶኝ እሷ ስታለቅስ እያየሁ አለቀስኩ። ከጥቂት ዓመት በኋላ በጦርነቱ ጊዜ እነ ፓርቪን ኻኑም ወደ ፍራንክፈርት ሲሰደዱ እኛንም አስከተሉን፤ እኔም እዚሁ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ግሪስሃይም የሚባለው ሰፈር ተቀምጬ አያት ሆንኩ።

የልጅ ልጆቼ መቁጠር አያውቁም። ማርታን «ኬክ ልቁረስልሽ?» ስላት «ናይን» ትላለች፣ አልፈልግም ማለቷ ነው፣ ደግሜ ብጠይቃት «ኦማ፣ ናይን አልኩ እኮ!» ብላ ትቆጣለች። ድሮ ይከፋኝ ነበር፣ ምነው እንደ ሰው ቢለማመጡ እል ነበር። አሁን እሱም ደግ ነው እላለሁ፣ ሰው የልቡን በመጀመሪያው ከተናገረ ማን ይሳሳትበታል? እኛ ግን ያደግነው አንዱ ያንዱን ልብ ከቃሉ ጀርባ እየፈለገ ነው፣ ፍቅሩም እዚያ ውስጥ ነበር፣ ስሕተቱም።

እናቴ እዚሁ ቤቴ አልጋ ላይ በዋለችበት በመጨረሻው ዓመት፣ እግሯን እያሸሁ ስናወራ፣ «ያን ጊዜ ሦስተኛውን ባላስታውሳት ኖሮ የት ነበርን?» ብዬ በሳቅ ጠየቅኋት። እሷ አልሳቀችም። እጄን ያዘችኝ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ያን ማታ የታሮፍ አልነበረም የተናገርኩት፣ መሄድ ፈልጌ ነበር። ሦስተኛውን ስትለኝ ያኖረችኝን ሴት በምን አፌ እምቢ ልበላት?»

ከዚያ ነገረችኝ። አባቴ ክፍለ ሀገር አልነበረም፤ በዚያ የብርድ ወራት አዲስ አበባ እስር ቤት ነበር፣ ስንቅ የሚያቀብለውም አንድ ሰው አልነበረውም።