ለባለቤቴ የደረብኩት ቁንዶ በርበሬ

ባለቤቴ የልጆቻችንን ስም መርሳት ሲጀምሩ ሐኪሙ ከአበባ የተገኘ ክኒን አዘዘላቸው። ክኒኑን ብቻውን ማልፋት ግፍ መሰለኝና እናቴ ወሎ ውስጥ ታደርግ እንደነበረው ቁንዶ በርበሬ በማር ለውሼ ደረብኩላቸው። ማሩን እህቴ ናት እዚሁ ዓረብ አገር ጀርወል ከሚባለው ሰፈሯ የላከችልኝ። ሳምንት ሳይሞላ ያዞራቸውና ያቅለሸልሻቸው ጀመር።

ፋርማሲ የምትሠራው የልጅ ልጄ፣ የሰጠኋቸውን በስልክ ስነግራት፣ ጃሚዓ ሰፈር ወዳለው ቤታችን እየሮጠች መጣች።

«የክኒኑ አልካሎይድ፣ ያ ከአበባው የወጣው ቅመም፣ አንጎል ውስጥ ያለ ኢንዛይም ላይ ተጣብቆ ይይዘዋል። ያ ኢንዛይም ለማስታወስ የሚረዳቸውን ንጥረ ነገር የሚያፈርስ ነው። የቁንዶ በርበሬው አልካሎይድ ደግሞ ጉበት ውስጥ ክኒኑን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ይይዘዋል። ስለዚህ ክኒኑ ደማቸው ውስጥ ይከማቻል» አለች።

«ሁለቱም ያዙ፤ የሚከሰሰው ግን የእኔው ብቻ! ይሄ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?»

«ስንት ስንት ሰጠሻቸው፣ እማ?»

«ለበረካ ያህል ነው፤ በጣቴ ጫፍ።»

ባለቤቴ ከትራሳቸው ቀና አሉ። «ወላሂ ትዋሻለች! በትልቁ ማንኪያ ነው፤ ከፈጅር በኋላና ከዒሻ በኋላ። ትናንት ደግሞ ‹ልጨምርልዎ› ብላ ሁለት ማንኪያ አስዋጠችኝ።»

ልጅቱ በሳቅ ፈረሰች። ባለቤቴ ግን ትናንት የሆነውን ነገር እንዲህ አስተካክለው ከተናገሩ ወራት አልፈው ነበር።

«ኸላስ፣ ተረታሁ» አልኩና የማሩን ብልቃጥ በገዛ እጄ አስረከብኳት።