እብጠቱ ሳይወጣ

እናቴ ጡቷ ላይ ያለውን ነገር ለማንም አልተናገረችም ነበር። ትንሹን ወንድማችንን ጡት ያስጣለች ሰሞን ነውና ወተት ቋጥሮ ነው ብላ ተወችው። እኛ ያወቅነው ክንዷ አብጦ ልብስ መልበስ ሲያቅታት ነው። ያለበሰቻት ታላቅ እህቴ አየችው፤ ለአባቴም ነገረችው። አባቴ መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ልጆች ቁርአን የሚያቀራ ሰው ነበር። የዚያን ቀን ደረሶቹን፣ ተማሪዎቹን፣ ቀደም ብሎ አሰናበተና በማግስቱ ደሴ ይዟት እንደሚሄድ ነገረን።

ከመሄዳቸው በፊት እናቴ እኔንና እህቴን ጓዳ ጠራችን። እጃችንን ተራ በተራ ይዛ እብጠቱ ላይ አስቀመጠችው።

“እወቁት” አለች። “ሽንብራ ከሚያህልበት ጊዜ ጀምሬ አውቀዋለሁ። አፍሬ ነው የተውሁት። እናንተ እንዳታፍሩ።”

ጠንካራ ነበር፤ ሲገፉት አይንቀሳቀስም። እጄን አነሳሁና ትምህርት ቤት ሄድኩ። የዚያን ቀን የኬሚስትሪ ፈተና ነበረን፤ ጥሩ ሠራሁ።

ደሴ ጡቷን ቆረጡላት። አባቴ ሲመለስ “ዘግይታችኋል አሉን” ብሎ ጫማውን አወለቀ። እናቴ ክረምቱ ሊገባ ሲል አረፈች። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት ሊያጽናናን እየመጣ “አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ” ሲለን እኔ “አሚን” እላለሁ። እህቴ አለቀሰች፤ እኔ አላለቀስኩም። ሴቶቹ ጠንካራ ልጅ ናት አሉኝ። ጥንካሬ አልነበረም። ምን እንደነበረ ግን እኔም አላውቅም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ባዮሎጂ አጠናሁ፤ ለሁለተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ቀረሁ። አንድ ቀን መምህራችን ሰሌዳው ላይ የዲኤንኤ ክር ሳለና ክሩ ላይ ትንንሽ ነጥቦች አደረገበት። ነጥቦቹ ሜቲል የሚባሉ ኬሚካሎች ናቸው አለን። የጂኑን፣ የዘረመሉን፣ ፊደል አይለውጡትም፤ ላዩ ላይ ተለጥፈው ዝም ያሰኙታል። ሴሉን “በቃ፣ አትባዛ” የሚለው ጂን ዝም ሲል ሴሉ መባዛቱን ይቀጥላል። በጡት ካንሰር ላይ ይህ ምልክት አንዳንዴ እብጠቱ በእጅ ከመዳሰሱ በፊት ይኖራል። የሞቱ ሴሎች ስባሪም ወደ ደም ስለሚገባ፣ ተመራማሪዎች ከጥቂት ደም ላይ ምልክቱን ለማንበብ እየሞከሩ ነው።

ሁሉንም ጻፍኩ። ከዚያ ወጥቼ ሽሮ በላሁ። ስለ እናቴ ማሰብ ነበረብኝ መሰለኝ፤ ግን አላሰብኩም። የመመረቂያ ጽሑፌን ግን በዚሁ ጉዳይ ላይ አደረግሁት።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ስሠራ በነበረበት ዓመት እህቴ ደወለች። አግብታ ደጎሎ ከተማ ትኖር ነበር። ገብሱ ውርጭ እንደመታው፣ ልጆቿ ጉንፋን እንደያዛቸው ነገረችኝ። ከዚያ “ያ ሽንብራ እኔም ዘንድ መጥቷል” አለች።

ማን እንደሚያውቅ ጠየቅኋት። ከእኔ በቀር ለማንም አልተናገረችም። ነገ አውቶቡስ ተሳፈሪ አልኳት፤ መጣችም።

ሆስፒታል አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ስንጠብቅ ሻርፗን እያስተካከለች ጠየቀችኝ።

“ደሜን አይተሽ ልትነግሪኝ አትችይም? የምትማሪው ይሄንን አይደል?”

“አልችልም። ገና ምርምር ላይ ነው።”

“የእማ ደም ያኔ ቢታይ ኖሮ፣ ይገኝ ነበር?”

“ምናልባት።”

ራሷን ነቀነቀች። ስሟ ተጠራና ገባች።

የምርመራው ውጤት ካንሰር ነበር። ግን ትንሽ ነው፤ ብብቷ ውስጥ አልገባም። ሐኪሙ በጊዜ መጥታችኋል ሲል እህቴ “አልሐምዱሊላህ” አለች፤ እኔ መቼ ቀዶ ሕክምና እንደሚደረግላት ጠየቅሁ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከዕጢው ቁራጭ ለምርምር ትሰጥ እንደሆነ ጠየቋት። “ይውሰዱት፤ እኔ ምን አደርግበታለሁ?” ብላ ፈቀደች።

ቁራጮቹ እኛ ቤተ ሙከራ የሚመጡት ያለ ስም ነው። ከዚያ በኋላ በመጡት ብልቃጦች ላይ እንደ ወትሮዬ ሠራሁ፤ ዲኤንኤ አወጣሁ፤ ሜቲል ያለበትንና የሌለበትን ለየሁ። የትኛው የእሷ እንደሆነ አላውቅም፤ አልጠየቅሁምም።

ቀዶ ሕክምናውንና ፀጉሯን ያረገፈውን መድኃኒት ጨርሳ ደጎሎ ከተመለሰች ከወራት በኋላ ደወለች። ፀጉሯ እንደገና እየበቀለ ነው፤ ድሮ ዞማ የነበረው አሁን ተጠቅልሎ ወጣ፤ ልጆቿ እየሳቁባት ነው። እሷም ሳቀች። ደስ ይላል አልኳት። ደስ ብሎኝም ይሆናል። ስልኩን ዘጋሁና ጓንቴን አጥልቄ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።