ናጅዋን ያስጾማት ሰው

ኢዘዲንን አልወደውም። ከማንም አልደብቅም፤ መርሳ ከተማ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። የእህቴ የናጅዋ ባል ታላቅ ወንድም ነው። ባሏ ጅዳ ሲሄድ ቤቱን አደራ የሰጠው ለእሱ ነበር፤ እሱ ግን አደራ ሲሰጡት ሹመት የሰጡት ይመስለዋል።

ናጅዋ ገበያ ማንጎና ብርቱካን ትሸጥ ነበር። ምላሷ ስል፣ እጇ ለጋስ። ሠላሳ ዓመት እንደሞላት ግን ጠዋት ቁርስ ሳትቀምስ ላብ ያጠምቃት፣ ያንቀጠቅጣት፣ ደንበኞቿንም ትሰድብ ጀመር። የሚጣፍጥ ነገር ስትቀምስ ወደ ልቧ ትመለሳለች፤ ያደረገችውን ግን አንዱንም አታስታውስም።

ኢዘዲን «ጅን ነው፤ ጅን ጣፋጭ ይወዳል» አለ። የመስጊዳችን ሼህ ጀብሪል እንኳ «አንተ ሰው፣ ሐኪም አሳያት» ቢሉት አልሰማም። ደሴ የወሰድኳት እኔ ነኝ።

ሐኪሙ በወጉ አስረዳን። ቆሽቷ ላይ ባቄላ የምታህል እጢ በቅላለች፤ እጢዋ ኢንሱሊን ያለ ልክ ስለምታመነጭ የደሟ ስኳር ይወርዳል። የሚያድናት ቀዶ ጥገና ነው፤ ለዚህም አዲስ አበባ ለነሐሴ ቀጠሮ ተያዘላት። እስከዚያ ኢንሱሊኑን የሚገታ ኪኒንና ቶሎ ቶሎ መብላት። እጢዋ ለቀዶ ጥገና የማትመች ብትሆን በየወሩ የሚወጋ መርፌም አለ። «መጾም ግን በፍጹም» አለ። ይህን ለኢዘዲን ፊት ለፊት ደግሜ ነገርኩት።

ነሐሴ ሲገባ የመጣው ጦርነቱ ነው። መንገዱ ተዘጋ፣ ኪኒኑ አለቀ፣ ስኳር ከገበያ ጠፋ። የቀረን መድኃኒት ምግብ ብቻ ሆነ፤ እሱንም ሌሊት ሳይቀር እየቀሰቀስኩ አጎርሳት ነበር።

አንድ ቀን ማር ፍለጋ ሲሪንቃ በእግሬ ሄድኩ። ኢዘዲንን «እስክመለስ ቶሎ ቶሎ አብላት» አልኩት። ስመለስ ክፍሏ ተቆልፏል፤ ቁልፉ እሱ ኪስ ውስጥ ነው።

«ዛሬ ትጹም» አለኝ። «ጅኑን አንቺ እየቀለብሽው እኮ ነው የማይለቃት።»

ቆሽቴ አረረ። ቁልፉን እንዴት እንደነጠቅኩት አላህ ይወቀው። ስገባ ናጅዋ አረፋ ደፍቃ ትንፈራገጣለች። በጎኗ አስተኝቼ ጉንጯ ውስጥ ማሩን በጣቴ ቀባሁላት፤ ደግሜ ቀባሁ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ዓይኗን ገለጠች። «ምን ሆኜ ነው?» አለችኝ።

ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ሲከፈት አዲስ አበባ ወሰድኳት፤ እጢዋ ወጣች። አሁን ደህና ናት፤ የዘንድሮን ረመዳንም ጾማለች።

በኢድ ዕለት ኢዘዲን መጣ። ለጎረቤቱ ሁሉ «ያች ቀን ጾማ ነው የዳነችው» ሲል ሰማሁት። ናጅዋ ምርጡን ማንጎ ልጣ አቀረበችለት።

«በታመምኩ ጊዜ ከአጠገቤ ያልተለዩኝ እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ። አላህ ኸይር ጀዛዎን ይክፈልዎት» አለችው።

ስለዚያ ቀን የምታውቀው እሱ የነገራትን ብቻ ነው፤ እኔ እስክትድን ብዬ አልነገርኳትም ነበር። ሲወጣ ጠብቄ የሆነውን ሁሉ፣ ቁልፉንም ማሩንም ነገርኳት። ሰሐኑን እያነሳች ሳቀችብኝ።

«አንቺማ ድሮም አትወጂውም» አለችኝ።