የድንኳኑ ቀኝ ወገን

ልብስ ሰፊዋ ውሻውን አትወደውም ነበር። ለምን ብላ ትውደደው? ባሏ በየእረፍቱ ቤት ጥሎላት ጫካ የሚያድረው ከእሱ ጋር ነበራ! ድንኳኑን የሰፋችው ግን እሷው ናት። "ሁለት ሰው የሚያስተኛ አድርጊው" ሲላት፣ "አንተና ሻምበልህ ተጋደሙበት፤ እኔን ከትንኝ ጋር አታጋባኝ" ብላ ሳቀችበት። ሻምበል ውሻው ነው። አቤት ማዕረግ!

ባልየው በድንገት ሲሞት ሻምበል እህል አልቀምስ አለ። ከሟች ጫማ አጠገብ ተኝቶ ቀረ። ሥጋ ቢሉት፣ ወተት ቢሉት፣ ዞር ብሎም አያይ። የጎኑ አጥንት ሲያገጥጥ ሴትዮዋ ፈራች። "ደግሞ አንተ ልትሞትብኝ ነው? ሰው ምን ይለኛል?" ትለዋለች። ውሸቷን ነው፤ ሰው ምን አለ ምን አለ ግድ ኖሯትም አያውቅ። እሱም ከሄደ የባሏ ነገር ጨርሶ ሊያልቅባት ነው፣ የፈራችው ይህንን ነው።

አንድ ቀን ድንኳኑን ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ስታወርደው፣ ሻምበል ጆሮውን አቁሞ ተነሳ። በማግስቱ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ለምና ወጡ። ጎረቤቷ "በስተርጅና ዘመቻ?" ብትላት፣ "ቀናሽ እንዴ?" አለቻት።

ከመኪናው ሲወርዱ ውሻው እየመራ ወንዝ ዳር ካለ ትልቅ ዛፍ ሥር አደረሳትና ቁጭ አለ። እሷ ግን በገዛ እጇ የሰፋችውን ድንኳን መትከል አቃታት። ጉድ እኮ ነው! ስትታገል የደን ጠባቂው ደረሰላት። ውሻውን አወቀው።

"ጋሼስ?" አለ።

"አረፈ።"

ቆቡን አወለቀ። ድንኳኑንም ተከለላት።

ወዲያው ዝናቡ ወረደ። ልብስ ሰፊዋ ገብታ በግራ በኩል ተጋደመች፤ ቀኙ ባዶ ነው። "ና ግባ፣ እዚህ ደረቅ ነው" አለችው። ሻምበል ወይ ፍንክች! ዝናብ እየመታው በሩ ላይ ተኮራመተ። ብትጎትተው አልመጣ አለ።

"ቂም ይዘህብኝ ነው?" ብላ ጮኸችበት፤ እንባዋም መጣ።

ካስማውን የሚያጠብቀው ጠባቂ ሰማት። "በቀኙ በኩል አይተኛም፣ እትዬ። ጋሼ ነው ያስለመደው። እዚያ ሊተኛ ባለ ቁጥር 'ተው ሻምበል፣ የእመቤትህ ቦታ ነው' ይለዋል። 'የት አለችና?' ብለን ስንስቅበት፣ 'ትመጣለቻ!' ይለናል።"

ስንት ዓመት ሙሉ ቦታ ተይዞላት ኖሯል! ለእሷ! እሷ እቤቷ አኩርፋ ተቀምጣ!

ቀስ ብላ ወደ ቀኙ ተሻገረች። "መጣሁ" አለች፣ ለማን እንዳለችው እሷ ታውቃለች። "ዘገየሁ እንጂ መጣሁ።"

ያኔ ሻምበል ገባ። በግራ በኩል፣ በጌታው ቦታ ላይ ተኛና አፍንጫውን ክንዷ ሥር ሸጎጠ። ከቦርሳዋ ዳቦ አውጥታ ቆርሳ ዘረጋችለት። አሸተተው፤ አየት አደረጋት፤ በላ።