ወንበሮቹ የተንኳኩበት ካሴት

ካሴቱን ከመሳቢያ ሳወጣው መጀመሪያ የመጣብኝ ሽታው ነው፤ የአሮጌ ፕላስቲክና የአቧራ ሽታ። ማጫወቻው ውስጥ ከተትኩት። ጊታር ተሰማ፤ ከዚያ ዝግ ያለ የወጣት ድምፅ፤ ከዚያ የእንጨት ወንበሮች ሲንኳኩ። ከዚያ በኋላ ዝም አለ። ልጄ ከማዶ ክፍል ብቅ ብላ «ዳድ፣ ኢትስ ብሮክን» አለችኝ። አልተበላሸም። ያ ዝምታ ሲሆን እዚያው ነበርኩ።

ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ያኔ አሁን ወደምኖርበት ወደ ሜልተን አልገባሁም፤ እዚሁ ሜልበርን፣ አስኮት ቬል ሰፈር፣ የመንግሥት ፍላት ውስጥ ነበር የምኖረው። አብዛኛውን ቀን ፋብሪካ ሺፍት እሠራለሁ፤ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ በማኅበረሰብ ሬዲዮ የአማርኛ ዜና አቀርባለሁ። አንድ የታወቀ የጃማይካ ሬጌ ቡድን ወደ ሜልበርን ሲመጣ ዋናውን ድምፃዊ ላነጋግር ሄድኩ። ተኝቷል ተባልኩ። ያገኘሁት ከኋላ ሆኖ ዘፈን የሚቀበለውን ወጣት ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም ሹርባውን በጨርቅ ያሰረ።

ግጥምና ዜማም ይደርስ ነበር። የቡድኑ አለቃ እዚህ ከተማ ላይ አንድ የራሱን ዘፈን እንዲሞክር ፈቅዶለታል። ሕዝቡ ከተቀበለው በቀሩት ከተሞችም ይዘፍናል፤ ካልተቀበለው ተቀባይ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛ ዕድል እንደማይኖር ተነግሮታል። ይህን ሁሉ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብሎ ነገረኝ። ከዚያ በተራው ጠየቀኝ፤ ራስ ተፈሪያን ነውና ኢትዮጵያ ተወልደው ያደጉ አንድ ሽማግሌ ማየት ይፈልግ ነበር።

ጎረቤቴን ጋሼን አሰብኩ። ጋሼና ባለቤታቸው እትዬ ጴንጤ ነበሩ፤ እቤታቸው ዘፈን አይከፈትም። ቢሆንም እንግዳ እንግዳ ነው ብለው አምጣው አሉኝ። እትዬ የሥጋ ወጥ ሠርተው ጠበቁን። ሥጋ እንደማይበላ ስነግራቸው መጀመሪያ ሹርባውን፣ ቀጥለው እኔን አዩ።

«ጾሙን ከተውነው ስንት ዘመናችን። አሁን ደግሞ በጃማይካ ሰው ምክንያት ምስር ልቀቅል?»

ቀቀሉ። ደጋግሞ ሲያስጨምር ደስ አላቸው፤ ጸጉሩ ነው እንጂ ሆዱስ የእኛው ነው አሉ።

ከምሳ በኋላ ዘፈኑን ጠረጴዛው ላይ በጣቱ እየመታ በዝግታ አሰማን። እሱን ለማስተማር ገና ሳይነጋ ገበያ ትወጣ ስለነበረች እናቱ ነው። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። ግጥሙን ስተረጉምላቸው «ይሄ ምስጋና ነው» አሉ። እሑድ መጥተው እንዲሰሙት ለመናቸው።

«እኔ ዘፈን ቤት እግሬን አላስገባም» አሉ እትዬ። ጋሼ ግን ከጸሎት መልስ እመጣለሁ ብለው ቃል ሰጡ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። አዳራሹ የወለል ሰም ይሸታል፤ ከፍ ባሉት መስኮቶች የገባው ብርሃን መድረኩ ላይ ወድቋል። በሬዲዮ ጠርቻቸው የመጡት የእኛ ሰዎች የፊቱን ረድፎች ሞልተዋል። መቅረጫዬን መድረኩ ሥር አስቀመጥኩ። አለቃው እጁን አጣጥፎ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ወጣቱ ከአንድ ጊታር ጋር ወጣና ጀመረ።

ሁለተኛው አንጓ ላይ በመድረኩ ጎን ያለው በር ተከፈተ። ጋሼ ናቸው፤ በጸሎት ኮታቸው፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በብብታቸው ይዘው፤ ብቻቸውን። አንዱ አያቸውና «ኖር፣ ጋሼ» ብሎ ተነሣ። ጎኑ ያለው ተከተለ። ወዲያው የፊቱ ረድፍ ሁሉ ቆመ፤ ወንበሮቹ ተንኳኩ።

ይህን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ተነሥቶ ፊቱን ወደ በር ሲያዞር ከመድረክ ላይ ምን እንደሚመስል የገባኝ ያኔ ነው። ጥሎ የሚወጣ ሕዝብ ይመስላል። ወጣቱ ድምፁ ተቆረጠ። ጊታሩም ቆመ።

«በእግዜር፣ በእግዜር፤ ተቀመጡ» ያሉት ጋሼ ዝምታውን ሰምተው ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ሆነ?» ሰዉ ጥሎት የሚሄድ መስሎት እንደሆነ ነገርኳቸው። ወንበር የለቀቁላቸው ሰዎች እጃቸውን ይጎትታሉ፤ እሳቸው ግን አልተቀመጡም።

«እንዲህ በለው፤ እነሱ የተነሡት ለእኔ ነው። እኔ ደግሞ ለእሱ እቆማለሁ። ከመጀመሪያው ይጀምርልኝ።»

ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩት። ለጥቂት ጊዜ አያቸው፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አላቸውና ከመጀመሪያው ጀመረ። የተቀመጠ አልነበረም። ከኋላ ያሉት አውስትራሊያውያንም ለምን እንደሆነ ሳያውቁ ቆሙ። ስለ ሙዚቃ ብዙ አላውቅም፤ ካሴቱ ላይ ግን ከዝምታው በኋላ ያለው ድምፅ ከፊተኛው የጠነከረ ነው። ሲጨርስ አለቃው ሲያጨበጭብ አየሁት።

በቀሩት ከተሞች ዘፈነ። ቀጥሎ በራሱ ስም አልበም አወጣ፤ ሌሎች ድምፃውያንም ዘፈኖቹን ወስደው መዝፈን ጀመሩ። እኔ በሥራዬ ብዙ ድምፃውያን አነጋግሬያለሁ፤ ትንሽ ሳሉ እንደነበሩት ሆነው ትልቅ የሆኑት ጥቂት ናቸው። እሱ ዛሬም ስለ ገበያተኛና ስለ አውቶቡስ ሾፌር ይጽፋል፤ ለተጠየቀው ሳይቸኩል ይመልሳል። በየአገሩም ያን ዘፈን ከመጀመሩ በፊት «ኖር» ይልና ሕዝቡ የየራሱን አሳዳጊዎች ለማክበር እንዲነሣ ያደርጋል። አንዳንድ ጋዜጠኞች የጃማይካ ልማድ ነው ብለው ጽፈዋል።

በዘጠናዎቹ መጨረሻ በራሱ ስም ሜልበርን መጣ። አውሮፕላን ጣቢያ ሲያገኘኝ መጀመሪያ የጠየቀኝ ሽማግሌው ይመጡ እንደሆነ ነው። ጋሼ ያለፈው ክረምት አርፈዋል አልኩት። ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ። ከዚያ እትዬን እንድጋብዝለት ለመነኝ። ሄጄ ነገርኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ ስንቴ ነው የምነግርህ» አሉና በሩን ዘጉት።

አዳራሹ ያው የድሮው ነበር። ዘፈኑ ላይ ሲደርስ ፊቱን ወደ ጎኑ በር አዞረና «ኖር» አለ። ሁላችንም ተነሣን። በሩ አልተከፈተም። አዳራሹ እንደዚያን ቀን ዝም አለ።

«በእግዜር።»

በሩ አጠገብ ካለው የመጨረሻ ወንበር ነው የመጣው። እትዬ ነበሩ፤ የጋሼን መጽሐፍ ቅዱስ በብብታቸው ይዘው። መቼ እንደገቡ አላየሁም።

ካሴቱ ላይ ያለው የመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው። በሁለተኛው ቀን መቅረጫዬ ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም።