ሰሌን የታጠቁት አባባ ቶም

ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመት፣ ሐዋሳ ታቦር ሰፈር የሽማግሌ ሚስዮናውያን ባልና ሚስት ዘበኛ ነበርኩ። አባባ ቶምና እማማ ሩት ይባላሉ። ወደኛ ከመምጣታቸው በፊት ቶንጋ በምትባል የደሴት አገር ብዙ ዘመን አገልግለዋል። አባባ ቶም ጠዋት ጠዋት ሻይ ይዘውልኝ ይወጡና፣ "እናትህ እንዴት ናቸው?" ይሉኛል። እናቴ ገጠር ታማብኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ግን ጥቁር ለብሰው፣ ወገባቸው ላይ ትልቅ ሰሌን ጠምጥመው ብቅ አሉ። ስለ እናቴም አልጠየቁኝም። እኔ ደግሞ ሰሌን የማውቀው ሬሳ ሲጠቀለልበት ነው። "ጌታ ሆይ፣ እኚህ ሰው መሞቻቸውን አውቀው ይሆን እንዴ?" ብዬ በልቤ ጸለይኩ።

"አባባ፣ ያምዎታል?"

"ደህና ነኝ ልጄ። ቁጭ በል።"

"በጌታ ስም ይፍቱት! ሰሌን በቁም አይታጠቅም!"

እማማ ሩትም እያለቀሱ ወጡ፤ እሳቸውም ታጥቀዋል።

"ቶንጋ እያለን ለሐዘን እንዲህ ነበር የምንታጠቀው" አሉኝ አባባ ቶም።

"ታዲያ ማን ሞተብዎ?"

ሁለቱም ተያዩ። ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ስከፍት የዕድራችን ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ ከኋላቸው ከገጠር የመጣው ታላቅ ወንድሜ ነጠላውን አዘቅዝቆ አቀርቅሯል። አንደኛው ሽማግሌ የአባባ ቶምን ጥቁር ልብስና የእማማን እንባ አይተው ጭንቅላታቸውን ያዙ።

"አዬ አባባ ቶም! መርዶውን እኛ መጥተን እስክንነግረው ምንም አያሳዩት ብለንዎት አልነበር?"