ቶሎ የሚያፈላ ምድጃ

በሲቀላ ገበያ ጥግ የኤሌክትሪክ ምድጃ የሚጠግነውን አጵሎስን የማያውቅ የለም። ሽቦው ሲበጠስ የተቃጠለውን ቆርጦ ይጥልና የተረፈውን ጠምዝዞ ያገናኛል፤ ሳብ ሳብ አድርጎም ሸክላው ውስጥ መልሶ ያስተኛዋል። ታዲያ የሚገርመው፣ እሱ የጠገነው ምድጃ ከአዲሱ ይልቅ ቶሎ ያፈላል። ሴቶቹ ጌታ እጅህን ይባርክ ሲሉት ደስ ይለው ነበር፤ ማንን አያስደስት!

ለሊሴም እንዲሁ ትለው ነበር። ከወለጋ ለትምህርት የመጣች፣ እትዬ በለጥሽ ግቢ አንዲት ክፍል የተከራየች ልጅ ናት። ምድጃዋ በተበጠሰ ቁጥር ወደ አጵሎስ ታመጣለች፣ እሱም ይቀጥልላታል። በመጨረሻ ከሽቦው የቀረው ግማሹ ነበር፤ የምትሰካበት ገመድ ደግሞ ለአምፖል የሚሆን ቀጭን ነገር ነው። በሰማንያ ስምንቱ ክረምት አንድ ምሽት ምድጃው ተሰክቶ ሳለ መብራት ጠፋ፤ ሳይነቀልም ቀረ። እትዬ በለጥሽ ልጅቷ በጨለማ እንዳታድር ብለው ኩራዝ ሰጧት። ሌሊት መብራቱ ሲመለስ ክፍሉ ነደደ። ለሊሴ አልወጣችም።

ከተማው ሁሉ ኩራዙ ነው አለ፤ እትዬ በለጥሽም አመኑ። ከዚያ ወዲህ መብራት ሲጠፋ እሳቸው ቤት ኩራዝም ሻማም አይበራም። እስኪመጣ ድረስ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ።

አጵሎስ በኋላ ሴቻ ሰፈር የማታ ትምህርት ገባ። አንድ ቀን መምህሩ ዘካሪያስ ስለ ኤሌክትሪክ ሲያስተምሩ እጁን አወጣና፣ እኔ የጠገንኩት ምድጃ ለምንድነው ቶሎ የሚያፈላው ብሎ ጠየቀ። እየኮራ እኮ ነው! መምህሩ ጥያቄው ደስ ብሏቸው ጠመኔ አነሱ። አዲሱ ምድጃ በ220 ቮልት 4 አምፔር ቢስብ፣ ቮልቱ ለአምፔሩ ሲካፈል የሽቦው ተቃውሞ 55 ኦም ይሆናል፤ ሁለቱ ሲባዙ ደግሞ ኃይሉ 880 ዋት ነው። ሽቦው በግማሽ ሲያጥር ተቃውሞውም ወደ 27.5 ይወርዳል፤ ምድጃው 8 አምፔር ይስባል፣ ኃይሉም 1760 ዋት ይሆናል። እጥፍ ነው፣ ለዚህ ነው ቶሎ የሚያፈላው አሉ። ገመዱ ግን ያው የድሮው ነው፤ ያን ሁሉ ካልቻለ ግሎ ይነዳል ብለው ሰሌዳውን አጠፉት።

ለአጵሎስ ግን አልጠፋለትም። ከቃጠሎው በኋላ ግድግዳው ክፉኛ የከሰለው ሶኬቱ ዙሪያ እንደነበር በዓይኑ አይቷል፤ ያኔ ነገሬ አላለውም። አሁን የምድጃ ሽቦ በቀላ ቁጥር የለሊሴ ድምፅ ይመጣበታል፦ ጋሼ፣ ቶሎ ያፈላል እኮ። ሥራውን ጠላው። እትዬ በለጥሽን ላለማየትም መንገድ ይቀይር ጀመር።

በግንቦት አንድ ቀን አልቻለም፣ ሄደ። እትዬ በለጥሽ ጠፋህብኝ ብለው በደስታ ተቀበሉት፤ ለሻይ ውሃ ጣዱ። ውሃው ሰላምታቸው ሳያልቅ ተንተከተከ።

"አየህ፣ ያንተ እጅ እኮ ነው" አሉት።

አጵሎስ ብድግ ብሎ የምድጃውን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለ። ገመዱ እጁን ፈጀው።

"እትዬ፣ ኩራዙ አይደለም" አለ፤ ከዚያ ሁሉንም ነገራቸው።

እትዬ በለጥሽ ቀይ የነበረው ሽቦ እስኪጠቁር ድረስ ምድጃውን አዩ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?"

"ከመስከረም።"

"ከመስከረም ወዲህ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ስንት ጊዜ መብራት ጠፋ፣ አጵሎስ?"